ሐቅን መናገርና የሰውን ክብር መጠበቅ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ወላጆች ሲጠይቁን የቆየ ነው። ጉዳዩ ሁለት ነገሮችን ያያይዛል። አንደኛው፣ ሰው በኢንተርኔት ላይ ብዙኃኑ የማይወደውን ሐሳብ ሲናገር ምን ይደርስበታል፣ እርሱስ እንዴት ሊናገር ይገባዋል የሚል ነው። ሁለተኛው በዘመናችን ብዙ አገሮችን እያከራከረ ያለው የጾታ ማንነት ጥያቄ ነው። ሰው ወንድ ወይም ሴት የሚባለው አላህ በሰጠው አካል ነው? ወይስ ራሱን በሚያይበት ውስጣዊ ስሜት?

ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ያነሳሳኝ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። እኔው ራሴ አባል የሆንኩበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ በመቶዎች የምንቆጠር ሰዎች አለን። አንድ ምሽት የአንድ ወጣት ፎቶ ተለጠፈ። ከሥሩም «ይህ ልጅ ወንድነቱን ጥሎ ሴት ነኝ የሚል ነው፤ እወቁት፣ ለሌሎችም አድርሱ» የሚል ጽሑፍ ከሰፈሩ ስም ጋር ሰፍሯል። አንዳንዱ የሳቅ ምልክት አደረገ። አንዳንዱ ሰደበ። አንዱ ደግሞ ቤቱን እንደሚያውቀው ጻፈ። እኔ ሁሉንም አነበብኩት። ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ልቤ እየነገረኝ ዝም አልኩ። «ኢማሙ እንዲህ ላለው ሰው ይከራከራል» መባልን ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት በመስጂዱ በር ላይ ጠበቁኝ። የወጣቱ እናት ነበሩ። ልጃቸው ሲወለድ አካሉ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ለመለየት የሚያስቸግር እንደነበር፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሐኪም ክትትል ሥር እንዳለ፣ ይህንንም ከእርሳቸውና ከአባቱ በቀር ዘመድ እንኳ እንደማያውቅ እያለቀሱ ነገሩኝ። ልጁ ከቤት መውጣት አቁሟል። በመጨረሻም «ኡስታዝ፣ እርስዎም እዚያ ቡድን ውስጥ አሉ አሉኝ። እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ዛሬ የማወራው በእናትየው ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁመውንም ሁሉ ትቼዋለሁ።

ሦስት የማይመሳሰሉ ነገሮች

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የመጀመሪያው ስሕተታችን የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት መክተታችን ነው። ዑለማዎቻችን ግን ከጥንት ጀምሮ ለያይተው አስቀምጠውታል።

አንደኛው፣ በአፈጣጠሩ የወንድም የሴትም ምልክት ያለበት ሰው ነው። በፊቅህ ኪታቦች «ኹንሣ» ይባላል። ፉቀሃዎች በተለይ በውርስ (ፈራኢድ) ምዕራፍ ውስጥ በሰፊው ተናግረውለታል። ሽንቱ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሲደርስ የትኛው ምልክት ጎልቶ እንደሚታይ መርምረው ከወንድ ወይም ከሴት ይመድቡታል። ሳይለይ ከቀረ «ኹንሣ ሙሽኪል» ብለው የውርስ ድርሻውን በጥንቃቄ ያሰላሉ፤ በጀማዓ ሶላትም ከወንዶች ሰልፍ ኋላ፣ ከሴቶች ሰልፍ ፊት ቦታ ሰጥተውታል። ልብ በሉ! ከመስጂድ አላባረሩትም፣ ከውርስ አልነቀሉትም፣ መሳለቂያም አላደረጉትም። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1989 ባስተላለፈው ውሳኔ እንዲህ ላለው ሰው ጾታውን ግልጽ የሚያደርግ ሕክምና የተፈቀደ መሆኑን ገልጿል።

ሁለተኛው፣ አካሉ ሙሉ ወንድ ሆኖ በድምፁ፣ በአካሄዱ ወይም በአነጋገሩ ሴት የሚመስል፣ ወይም ሴት ሆና ወንድ የምትመስል ሰው ናት። ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው በዚህ ላይ ግልጽ ልዩነት አድርገዋል። እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ወቀሳም ኃጢአትም የለበትም። ወቀሳው የሚመለከተው ያልተፈጠረበትን ሆን ብሎ የሚያስመስለውን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወንዶች ሴቶችን የሚያስመስሉትን፣ ከሴቶችም ወንዶችን የሚያስመስሉትን መርገማቸውን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ዑለማዎች የተረዱት በዚህ መልኩ ነው።

ሦስተኛው፣ አካሉ ሙሉና ግልጽ ሆኖ ሳለ «ውስጤ የሚነግረኝ ሌላ ጾታ ነው» የሚል ሰው ነው። የዛሬው ክርክር በአብዛኛው በዚህ ላይ ነው። ብዙኃኑ ዑለማዎች ያሉት የታወቀ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነጅም (53፡45) ሁለቱን ዓይነቶች፣ ወንድንና ሴትን፣ የፈጠረው እርሱ መሆኑን ነግሮናል፤ ስለዚህ ጾታ በአፈጣጠር እንጂ በስሜት አይወሰንም። ከላይ የጠቀስኩት የመካው ጉባኤም አካሉ ሙሉ የሆነን ሰው ወደ ሌላ ጾታ መቀየርን ከልክሏል። የዚህ ንግግር አቅራቢም የሚያምነው ይህንኑ ነው።

ሆኖም በሙስሊም አገሮች ክርክር የለም ማለት አይደለም። በኢራን አያቶላ ኾሜኒ በ1980ዎቹ ጾታን በቀዶ ሕክምና መቀየርን ፈቅደዋል። በግብፅ በ1988 በአንድ የአል-አዝሀር የሕክምና ተማሪ ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና አገሩን ሁሉ አነጋግሮ፣ የያኔው ሙፍቲ ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ ፈትዋ እስከ መስጠት ደርሰዋል። የፓኪስታን ፓርላማ በ2018 ሰው ራሱ በሚሰማው ጾታ እንዲመዘገብ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ የአገሪቱ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2023 የሕጉን ዋና ዋና አንቀጾች ከእስልምና ጋር ይቃረናሉ ብሎ ሻራቸው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እንዲህ ያለው ስሜት ሰውየውን በእጅጉ የሚያሰቃይ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ካልተናገረው ወይም ካልሠራበት በስተቀር በውስጡ ለሚመላለሰው ሐሳብ አላህ ይቅር እንደሚል ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ስሜቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ልጃችሁ መጥቶ «እንዲህ ይሰማኛል» ቢላችሁ የመጀመሪያው መልሳችሁ ዱላ ወይም ከቤት ማባረር ከሆነ፣ ልጁ ሁለተኛ አያማክራችሁም። የሚያማክረው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ለንደን ውስጥ የሆነው

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ጉዳይ እንምጣ። ማያ ፎርስታተር የተባሉ እንግሊዛዊት ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ቢሮ ባለው ሴንተር ፎር ግሎባል ዴቨሎፕመንት በተባለ የልማት ጥናት ተቋም ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ መንግሥት ሰዎች ሕጋዊ ጾታቸውን የሚቀይሩበትን ሥርዓት ለማቅለል የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ፣ ፎርስታተር ትዊተር ላይ ሐሳባቸውን ጻፉ። ጾታ በአካል የሚታወቅ ነው፣ ሰው ሊቀይረው አይችልም የሚል ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው ቅሬታ አቀረቡ። የሥራ ውላቸውም ሳይታደስ ቀረ።

ሴትዮዋ ከሰሱ። በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያው የሥራ ክርክር ችሎት እምነታቸው በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ውስጥ ሊከበር የሚገባው አይደለም ብሎ ፈረደባቸው። ይግባኝ አሉ። በሰኔ 2021 በዳኛ አኽላቅ ቾድሪ የተመራው የይግባኝ ችሎት ፍርዱን ሻረው። በ2022 ደግሞ ችሎቱ በእምነታቸው ምክንያት አድልዎ እንደተፈጸመባቸው ወሰነ፤ በ2023 ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ካሣ ተፈረደላቸው።

እኔን የሳበኝ ማን አሸነፈ የሚለው አይደለም። የይግባኝ ችሎቱ ነገሩን የለየበት መንገድ ነው። ችሎቱ በክርክሩ ውስጥ የትኛው ወገን ልክ እንደሆነ አልፈርድም አለ። እምነቱን መያዝና መናገር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ይህ ማለት ግን ማንም ሰው ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎችን እንደፈለገ ማዋረድና ማሳደድ ይችላል ማለት አይደለም ሲል አብራራ። ሐሳቡና የሐሳቡ አገላለጽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ ማለት ነው።

በሚያዝያ 2025 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአገሪቱ የ2010 የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል በአፈጣጠር ሴት የሆነችን እንደሚያመለክት አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ውሳኔውን ያነበቡት ሎርድ ሆጅ በዚያው ሰዓት፣ ይህ አንዱ ወገን በሌላው ላይ የተቀዳጀው ድል ተደርጎ እንዳይታይ አሳሰቡ፤ ትራንስጀንደር ሰዎችም ከአድልዎና ከትንኮሳ የሚጠብቃቸው ሕግ እንዳለ መሆኑን ገለጹ። እኛ በሌላው ሰው ሽንፈት መደሰትን «ሸማታ» ብለን የምናውቅ ሰዎች ነን። ይህን ከለንደን ዳኛ መስማታችን ሊያስገርመን እንጂ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር።

የወንድሞቻችንን ጉዳይም ልጥቀስ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ትምህርት ቤቶች ስለ ጾታ ማንነትና ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የሚያወሱ የተረት መጻሕፍትን ለትንንሽ ልጆች ማንበብ ጀመሩ። በ2023 ወላጆች ልጆቻቸውን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት እንዳይችሉ ሲደረግ፣ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጎን ለጎን ቆመው ተቃወሙ። የሙስሊም ወላጆች ስም የተሸከመው ክስ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በሰኔ 2025 በስድስት ድምፅ ለሦስት ለወላጆቹ ተወሰነላቸው። እነዚህ ወላጆች የጠየቁት ብዙኃኑ ያልተቀበለውን እምነታቸውን ይዘው ሳይዋረዱ መኖርን ነበር።

ጃዕፈርና ነጃሺ

ይህ ጥያቄ ለእስልምና አዲስ አይደለም። እንዲያውም የተጠየቀው በዚችው በእኛ ምድር ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩባቸው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ታሪክ ዐምር በመጀመሪያው ቀን ሳይሳካለት ሲቀር በማግስቱ ተመልሶ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ የሚናገሩት ከባድ ነገር ነው ብሎ ለንጉሡ ነገረ። አስቡት እስቲ! ስደተኞች ናቸው። ያሉት በክርስቲያን ንጉሥ አደባባይ፣ በጳጳሳት መካከል ነው። አንድ ቃል ቢሳሳቱ ተይዘው ለጠላት ይሰጣሉ።

ተማከሩ፤ አላህ ያለውንና ነቢያችን ያስተማሩንን ከመናገር ሌላ አንልም ብለው ተስማሙ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው ዒሳ (ዐ.ሰ) የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛው፣ ወደ መርየም የጣላት ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መሆናቸውን ተናገሩ። ሐቁን አልደበቁም። ለጳጳሳቱ ብለው አልቀነሱም። በጳጳሳቱም እምነት አልተሳለቁም፣ የሚያዋርድ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ነጃሺ ግን ኃይሉም ብዙኃኑም ከእርሱ ጋር ሆኖ ሳለ አደመጠ፤ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን በሰላም አኖረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሁለት ዓይነት ሰው ትምህርት አለ። ብቻህን ስትሆን እንደ ጃዕፈር ተናገር። ብዙኃኑ ከአንተ ጋር ሲሆን ደግሞ እንደ ነጃሺ አድምጥ፣ እንደ ነጃሺም ጠብቅ።

ያልተወደደው ሐሳብ የቱ ነው?

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። ለንደን ውስጥ «ጾታ በአካል ነው» ብሎ መጻፍ ሥራ ሊያሳጣ ችሏል። ያን መናገር ድፍረት ይጠይቃል። በእኛ ሰፈር ግን ይህንኑ በፌስቡክ ብትጽፍ ምን ታጣለህ? ምንም። መቶ ሰው «ማሻአላህ» ይልሃል። በእኛ ዘንድ ያልተወደደው ሐሳብ ሌላ ነው። «የዚህን ልጅ ፎቶ አጥፉ፤ ነውሩን አትከተሉ» ማለት ነው። ዋጋ የሚያስከፍለው እርሱ ነው። እኔም ያን ምሽት ያልከፈልኩት ይህንን ዋጋ ነው።

በ2023 ክረምት በአገራችን የሰዎችን ስምና ፎቶ እየለጠፉ ጥቃት እንዲደርስባቸው የሚቀሰቅሱ የቲክቶክ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው እንደነበር እናስታውሳለን። ብዙዎች ያን የሠሩት «በመጥፎ መከልከል» ስም ነው። ነገር ግን አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሴት ይመስል የነበረን አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አምጥተው «እንግደለው?» ሲሏቸው፣ ሰጋጆችን ከመግደል የተከለከሉ መሆናቸውን ነው የመለሱላቸው። እርሳቸው የከለከሉትን ሰው በአንድ ጠቅታ ለጀሌ አሳልፎ መስጠት ከየትኛው ሱና የተገኘ ነው?

አንዳንድ ወንድም «እኔ የለጠፍኩት እውነት ነው» ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሐሜት (ጊባ) ማለት ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሳት መሆኑን፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ሐሜት፣ ውሸት ከሆነ ደግሞ ቡህታን (ስም ማጥፋት) እንደሚሆን አስተምረውናል። እውነት መሆኑ ምክንያት አይሆንም ማለት ነው። የዚያች እናት ልጅ በትክክል ኹንሣ ስለሆነ ብቻ አይደለም የተበደለው። ሦስተኛው ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮም ክብሩን መግፈፍ፣ የሰፈሩን ስም መበተን፣ እናቱን በበር ላይ ማስለቀስ አይፈቀድም ነበር።

ከመጻፋችን በፊት

በየቤታችን ከልጆቻችን ጋር ልንነጋገርባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ላስቀምጥ።

1. ማጣራት። ሱረቱል ሑጁራት (49፡6) ባለማወቅ ሕዝብን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ወሬን እንድናጣራ ያዘናል። ያልተጣራን ወሬ ያስተላለፈ ሰው «እኔ አልጻፍኩትም» ብሎ አያመልጥም።

2. ሐሳብን ከሰው መለየት። «ጾታን መቀየር በእስልምና አይፈቀድም» ማለት ሐሳብ ነው። የአንድን ሰው ፎቶ አውጥቶ «እዩት» ማለት ሐሳብ አይደለም፤ ጥቃት ነው።

3. መሳለቅንና መጥፎ ቅጽል ስምን መተው። ይህም በዚያው ሱራ (49፡11) በግልጽ ተከልክሏል። የተሳለቅንበት ሰው ከእኛ የተሻለ ሊሆን እንደሚችልም እዚያው ተነግሮናል።

4. ለስላሳ ቃል። አላህ (ሱ.ወ) ሙሳንና ሃሩንን (ዐ.ሰ) የላካቸው ወደ ፊርዐውን ነው። እርሱንም እንኳ በለስላሳ ቃል እንዲያናግሩት አዘዛቸው (ጧሃ 20፡44)። የምንከራከረው ሰው ከፊርዐውን የከፋ፣ እኛም ከሙሳ የተሻልን አይደለንም።

5. መሸፈን። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ በዱንያም በአኼራም ይሸፍንለታል። የሰውን ነውር የሚከታተል ደግሞ አላህ የእርሱን ነውር ተከታትሎ በገዛ ቤቱ ውስጥ ሳለ ያዋርደዋል።

6. ልዩነት ወንድማማችነትን እንዳይበላ። ኢማም ሻፊዒ (ረሒመሁላህ) ከዩኑስ አስ-ሶደፊ ጋር በአንድ ጉዳይ ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያዩ። በኋላ ሲያገኙት እጁን ይዘው፣ ባንስማማም ወንድማማች መሆን እንችላለን ሲሉ አስታወሱት።

ከዚያች እናት ጋር ከተነጋገርን በኋላ በዚያው ምሽት በቡድኑ ውስጥ ጻፍኩ። ልጁ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለበት አልገለጽኩም። ፎቶው እንዲጠፋ ጠየቅሁ፤ በሦስት ቀን ዝምታዬም ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዳንዶች ቡድኑን ለቅቀው ወጡ። ሁለት ሰዎች ዘለፉኝ። ፎቶው ግን ጠፋ። ቀድሞ ወደ ሌላ ቡድን የተላለፈውን ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ልጁ አሁንም ጁሙዓ አይመጣም። አባቱ ብቻ ይመጣሉ፣ ከኋላ ሰልፍ ይሰግዳሉ፣ ኢማሙ ሲያሰላምት ቶሎ ይወጣሉ። ኢማሙ እኔ ነኝ።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቁን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ የምንናገረውንም የምንተወውንም ያግራልን። የደከምንበትን ይቅር ይበለን። የባሮቹን ክብር የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።